ጥንድ እባብ ከመግዛታችሁ በፊት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። አገር ቤት ሳለን እባብ በአጥር ሥር ታየ ከተባለ አንዱ ዱላ ያነሣል፣ ሌላው ድንጋይ ያቀብላል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ፣ ሰፈሩ በአንድ እግሩ ይቆማል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ወልደን ያሳደግናቸው ልጆች ግን «ለልደቴ እባብ ግዙልኝ» ማለት ጀምረዋል። ያውም አንድ አይበቃቸውም፤ «ብቻውን እንዳይከፋው ሁለት ይሁኑ» ባዮች ናቸው።

የሚራክል ማይል ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት ሰሞኑን ቡና ላይ ያጫወቱኝ ይህንኑ ነው። ልጃቸው ትምህርቱን በደንብ ከያዘ የፈለገውን ሊገዙለት ቃል ገብተው ኖሮ፣ ልጁ ኤ ላይ ኤ ደርድሮ መጥቶ ቃላቸውን አስታወሳቸው። ሻጩ ደግሞ «ወንድና ሴቱን አብረው ቢወስዱ ቅናሽ አለ፤ በኋላ ይዋለዳሉ፣ ልጁም ገንዘብ ያገኛል» አላቸው። «እባቡስ ይሁን፤ የእባቡን የልጅ ልጅ የት ላደርገው ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ። ከልጁም ከሻጩም ይልቅ ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ይመስሉኛል።

ለነገሩ እኛ ስለ እባብ ትዳር የሰማነው ሁሉ የሚያስፈራ ነው። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ጥንታዊው ፊሳልጎስ፣ ሴቷ እፉኝት በግንኙነት ጊዜ ወንዱን እንደምትገድለው፣ ልጆቿም በተራቸው የእናታቸውን ሆድ ቀደው እንደሚወጡ ይተርካል። የአባቶቻችን «የእፉኝት ልጅ» ስድብ ክብደቱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ነገሩ እውነት አይደለም፤ ባልም አይገደልም፣ ሆድም አይቀደድም። ጭላንጭል እውነት ግን አለው። አብዛኛው እባብ እንቁላል ሲጥል እፉኝት ግን ጫጩቶቿን በሕይወት ትወልዳለች። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ የመዘገባት የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝትም ከዚሁ ወገን ናት። የባሌዋ የሐረና ጫካ ዘመዷ ደግሞ በ2016 ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ስም ወጥቶላታል። እነዚህ መርዘኞች ስለሆኑ የቤት ነገር አይደሉም፤ እንለፋቸው።

ልጆቻችን የሚጠይቁት ሌላ ነው። በፖሞና ፌርፕሌክስ የሚደረገውን ሪፕታይል ሱፐር ሾው የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጠረጴዛው ሁሉ በትንንሽ ፕላስቲክ ዕቃ የታሸጉ እባቦች ገበያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ሦስት ናቸው። አንዱ ከነጋና፣ ቶጎና ቤኒን የሚመጣው፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ቦል ፓይቶን ነው። ሁለተኛው የዚሁ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተወላጅ ኮርን ስኔክ ነው። ሦስተኛው የካሊፎርኒያው ኪንግ ስኔክ ነው። ሦስቱም ሰውን የሚጎዳ መርዝ የላቸውም። በዕቃው ላይ «1.1» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዋጋ አይምሰላችሁ። ከነጥቡ በፊት ያለው የወንዱ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የሴቷ ቁጥር ነው። «0.0.1» ከሆነ ደግሞ ጾታው አልታወቀም ማለት ነው። ጫጩት ላይ ጾታን መለየት የባለሙያ ሥራ ነውና፣ ሻጩ በዓይኑ ገምቶ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ቢላችሁ አትመኑ።

አሁን ወደ ብቸኝነቱ እንምጣ። በሰው አገር ስንኖር ብቸኝነትን የመሰለ ጠላት ስለሌለን ያየነው ፍጡር ሁሉ ጓደኛ የሚናፍቅ ይመስለናል። እነዚህ እባቦች ግን አይናፍቁም። በተፈጥሯቸው ለየብቻ የሚኖሩ ናቸው። በአንድ የመስታወት ሣጥን ሁለቱን ብታኖሯቸው ሞቃቱን ቦታና መደበቂያውን ይሻማሉ፤ አንዱ በጭንቀት ምግብ ይተዋል፤ አንዱ ቢታመም የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ተጠቅልለው ተደራርበው ሲታዩ «ተፋቀሩ» እንላለን እንጂ እነሱ የሚሻሙት ያችኑ አንዲት ምቹ ቦታ ነው። ኪንግ ስኔክማ ጭራሽ እባብ በል ነው፤ ማታ ሁለት አስገብታችሁ ጠዋት አንድ ወፍራም ልታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ጥንድ መግዛት ማለት ሁለት ሣጥን፣ ሁለት ማሞቂያ፣ ሁለት ወጪ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥንዱ ለእባቡ ደስታ ካልሆነ ለምንድነው? ለማዋለድ ነው። ወንድና ሴት የገዛ ሰው ገና በዚያው ቀን ስለ ማዋለድ ወስኗል፤ አላሰበበትም እንጂ። ሴቷ ገና ሳትጠና ከወንድ ጋር ከዋለች ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቦል ፓይቶንን በጥንቃቄ የሚያዋልዱ ሰዎች ቢያንስ ሦስት ዓመት ገደማ እስኪሆናትና ወደ 1500 ግራም እስክትመዝን ይጠብቃሉ። ከዚያ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፤ አምስት ስድስት ቢሆን ነው። እንቁላሉ በ31 ወይም በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ኮርን ስኔክ ደግሞ በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት፣ ሃያ ይጥላል። እያንዳንዱ ጫጩት የራሱ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ምግቡም ገና ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል ነው። ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሃያ ዕቃ ደርድሮ፣ የበረዶ አይጡን ከክትፎው ሥጋ ጋር በአንድ ፍሪዘር ማስቀመጥ እንዴት እንደሚያስኬድ እናንተው አስቡት። አከራዩ ሲሰማማ ሌላ ነገር ነው።

«ገንዘብ ያመጣል» የተባለውም በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ቦል ፓይቶን መዋለድ ሲጀምር አንዱ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር። ሁሉም ሲያዋልድ ዋጋው ወደቀ፤ ተራው ዓይነት ዛሬ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። አዲስ መልክ ለማውጣት ሲባል የሚደረገው ደግሞ ያሳዝናል። «ስፓይደር» የሚባለው የቦል ፓይቶን መልክ ከውበቱ ጋር የሚወረስ ሕመም አለው፤ እባቡ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት አንገቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠማዘዛል። ይህን እያወቁ ማዋለድ ለእኔ ንግድ ሳይሆን ግፍ ነው።

ያልተሸጠው ጫጩትስ? ተራራ ላይ ልልቀቀው የሚል ካለ የግራን ካናሪያን ታሪክ ይስማ። የካናሪ ደሴቶች የራሳቸው እባብ አልነበራቸውም። በ1998 ግን በግራን ካናሪያ የእኛው የካሊፎርኒያ ኪንግ ስኔክ በዱር ተገኘ። ከቤት ያመለጡ ወይም የተለቀቁ እባቦች ዘር ነው። ነጭ ሆነው የተወለዱት መኖራቸውም ከሰው እጅ መውጣታቸውን ይመሰክራል። እባብ የማያውቀው የደሴቲቱ ትልቅ እንሽላሊት እነሱ በተስፋፉበት ሁሉ ሊጠፋ ደርሷል። በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የበርማ ፓይቶን ያደረሰውም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በ2012 የበርማውን ፓይቶን ጨምሮ ትልልቅ እባቦች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ በአገራችን ቆላ የሚኖረው የአፍሪካ ዘንዶም ከተከለከሉት አንዱ ሆኗል። እኛ እንኳ ቪዛ ስንለምን የከረምን ሰዎች ነን፤ ዘንዶው ላይ ግን የተፈረደው ያለ ኢንተርቪው ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ እንስሳ ወደ ዱር መልቀቅ በሕግ ያስጠይቃል። የሎስ አንጀለስ ከተማም የቤት እንስሳ ላልሆኑ ፍጥረታት፣ በደረት የሚሳቡትን ጨምሮ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ድንጋጌ ስላለው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለከተማው የእንስሳት አገልግሎት መ/ቤት ደውላችሁ የዝርያውን ስም ተናግራችሁ ጠይቁ። የኪራይ ውላችሁንም አውጥታችሁ አንብቡ። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ወይም በዕድሜ የገፉ አያት ያሉበት ቤት ደግሞ እባብ ባይገባበት ይሻላል፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ ተዋሲያን ይሸከማልና።

ለእናትየው የነገርኳቸው ይህን ነው፦ አንድ ብቻ ይግዙለት፤ ኮርን ስኔክ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤት ውስጥ የተወለደ እንጂ ከጫካ የተያዘ አይሁን። ዕድሜውንም ያስቡበት። ቦል ፓይቶን ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ይኖራል። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ እባቡን ቀላቢ እናት ናቸው ማለት ነው። ደግነቱ ከበላ ወራት መጾም ይችላል፤ ሁዳዴን እንደ መክሰስ ነው የሚቆጥረው።

ጥንድ ቀድሞ የገዛ ካለ ዛሬውኑ ይለያያቸው። ከዚያም በኋላ ሴቷን ይከታተል፤ የወንዱን ዘር በሆዷ ለረዥም ጊዜ ማቆየት ትችላለችና። እንቁላል ከጣለችና ጫጩት የማይፈለግ ከሆነ፣ ጽንሱ ሳያድግ ወዲያውኑ እንቁላሉን ፍሪዘር ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው። ብቻዋን የምትኖርም ብትሆን አትዘናጉ። በሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት ከ1961 ጀምሮ የኖረች ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናት ቦል ፓይቶን፣ ከ15 ዓመት በላይ ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ በ2020 ሰባት እንቁላል ጥላለች።