ስኮፕ ስለሚባለው የጽርእ ሥር፥ ከእርሱም ስለ ወጡት የእንግሊዝኛ ቃላት

የግዕዝን ሰዋስው የተማረ ሰው ጸሐፊ፥ መጽሐፍ፥ ጽሕፈት የሚሉት ሦስቱ ቃላት ጸሐፈ ከሚለው ከአንድ ግሥ እንደ ወጡ ያውቃል። ግሡን ካወቀ ዘሩን ለመለየት አይቸገርም። የእንግሊዝኛም ቃላት እንደዚሁ ሥር አላቸው፤ ነገር ግን ከጥበብና ከሕክምና ቃላት የብዙዎቹ ሥር ከጽርእ፥ ማለት ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። ይህ ያልተነገረው ተማሪ ረዥሙን ቃል እንደ ድግምት በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ምሥጢሩን አይረዳውም፤ ፈተናው ባለፈም ጊዜ ይረሳዋል።

ከነዚህ ሥሮች አንዱ ስኮፔይን የሚባለው የጽርእ ግሥ ነው፤ ትርጓሜውም አተኵሮ ማየት፥ መመልከት ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚዛመደው ስኮፖስ የሚለው ስም ተመልካች፥ ጠባቂ ማለት ነው፤ ደግሞም ቀስተኛ የሚያነጣጥርበት ዒላማ በዚሁ ስም ይጠራል። በእንግሊዝኛ ስኮፕ ሲባል የአንድ ነገር ስፋትና ወሰን ማለት የሆነው፥ ከዚሁ ከዒላማው ትርጓሜ በኢጣልያንኛ በኩል ተላልፎ ነው።

ግዕዝ ግሥን የሚያረባው ይልቁን ፊደሉን ከውስጥ እየለዋወጠ ነው፤ ጽርእ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል አጋጥሞ አዲስ ስም ያወጣል። ቴሌ ሩቅ ማለት ነውና ቴሌስኮፕ የሩቁን ማያ ማለት ነው። ጋሊሌዮ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1610 በዚህ መሣሪያ ጁፒተር በሚባለው ፈለክ ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች አየ፤ በ1611 በሮማ ለክብሩ ግብዣ በተደረገ ጊዜ ቴሌስኮፕ የሚለው ስም ለመሣሪያው ተሰጠ። ማይክሮ ታናሽ ማለት ስለ ሆነ፥ ማይክሮስኮፕ ዓይን ብቻውን የማያየውን ረቂቅ ነገር ማያ ነው። ፔሪ ዙሪያ ማለት ስለ ሆነ፥ ፔሪስኮፕ ጠላቂ መርከብ ከውኃ በታች ሳለች መርከበኞቹ ከላይ ዙሪያውን የሚመለከቱበት ቧንቧ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ሥር ከጥንት ጀምሮ በአፋቸው ይዘውታል። ኤጲስ ቆጶስ የሚለው ስም ከጽርእ የተወሰደ ነው፤ ኤፒ በላይ፥ ስኮፖስ ተመልካች ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው በላይ ሆኖ የሚመለከት፥ የሚጠብቅ ማለት ነው። በእኛ ጽሕፈት ስ የምትባለው ፊደል ወደ ፊተኛው ክፍል ተጠግታ ኤጲስ ተባለ እንጂ፥ በጽርእ የኋለኛው ክፍል መጀመሪያ ናት። እንግሊዞችም ይህንኑ ቃል በላቲን በኩል ተቀብለው በዘመን ብዛት አሳጠሩና ቢሾፕ አሉት። ስለዚህ ቢሾፕና ቴሌስኮፕ፥ መልካቸው ቢለያይም፥ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሥሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ላኤኔክ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በ1816 የልብን ትርታ ለማድመጥ ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት በሽተኛ ደረት ላይ አኖረ፤ ኋላም መሣሪያውን ከእንጨት ሠርቶ ስቴቶስኮፕ ብሎ ሰየመው። ስቴቶስ ደረት ነውና ቃሉ እንዳለ ቢፈታ የደረት ማያ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ማዳመጫ ነው። ማየት የተባለው በዚህ ስፍራ መመርመር ነው፤ በአማርኛም በሽተኛ «ሐኪም አየኝ» ሲል መረመረኝ ማለቱ ነው። ደግሞም ድምፁ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። ስኩፕ የሚባለው የጭልፋ ስም ከሰሜን አውሮጳ ቋንቋዎች የመጣ ነው እንጂ ከስኮፔይን አልተወለደም።

እንግዲህ መምህሩ እንዲህ ያለውን ቃል ሲያስተምር በሰሌዳው ላይ ከሁለት ከፍሎ ቢጽፈውና የእያንዳንዱን ክፍል ፍች አስቀድሞ ቢናገር፥ ልጁ ሙሉውን ትርጓሜ ራሱ ያገኘዋል። ቴሌን ያወቀ ልጅ ፎኔ ድምፅ፥ ግራፌይን መጻፍ መሆኑ ሲነገረው ቴሌፎንንና ቴሌግራፍን ያለ ረዳት ይፈታል። ፍቺው ትክክል መሆኑን ግን በነገሩ ሥራና በመዝገበ ቃላት ይመርምር። ሽማግሌዎችም ኤጲስ ቆጶስ የሚለውን ቃል ለልጆች ቢተረጕሙላቸው፥ ሳይንስ ለሚማረው ልጅ እውነተኛ ረዳት ይሆኑታል።