ተንቀሳቃሽ ምስል በኮምፒውተር እንዴት ይቀናበራል?

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ ይሠራጭ ስለነበር፣ ተማሪው ያልገባውን ወደ ኋላ መልሶ ማየት አይችልም ነበር። ዛሬ ግን አንድ የዱርቤቴ መምህር ትምህርቱን በእጅ ስልኩ ቀርጾና በኮምፒውተር አቀናብሮ፣ ተማሪው እያቆመና እየመለሰ እንዲያየው ማድረግ ይችላል።

ምስሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን በሴኮንድ 25 ያህል ቋሚ ምስሎች ሲፈራረቁ ነው። እያንዳንዱ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ቢኖሩት፣ ለአንድ ነጥብ ቀለምም 3 ባይት ብንመድብ፣ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ ከ9 ጊጋባይት ይበልጣል። ስለዚህ ስልኩ አንዱን ምስል በሙሉ መዝግቦ፣ ከተከታዮቹ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። መምህሩ በበቆሎ ማሳ ፊት ቆሞ ቢያስረዳና ካሜራው ባይነቃነቅ፣ ጸጥ ያለው ማሳ እምብዛም ቦታ አይፈጅም። ነፋስ ከተነሣ ግን ወይ ፋይሉ ይገዝፋል፣ ወይ ጥራቱ ይወርዳል።

የመቁረጥ ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። በሁለት ሙሉ ምስሎች መካከል ስንቆርጥ፣ ቀሪዎቹ መነሻቸውን ያጣሉ፤ ሶፍትዌሩም ከቀደመው ሙሉ ምስል ተነሥቶ እንደገና ያሰላቸዋል። በዚህ ስሌት ጥራት በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ስለሚቀንስ፣ ዋናውን ቀረጻ ሳንነካ አስቀምጠን፣ እያንዳንዱን አዲስ ቅንብር ከእርሱ ብንጀምር እንመርጣለን።