ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ፦ የፒያሳ ጎዳና ቤቶች ታሪክ

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚያመራው የፒያሳ ጎዳና፣ ንግድና ኑሮ ለመቶ ዓመት ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር የቆዩበት ስፍራ ነው።

አካባቢው የጣሊያንኛ ስሙን ከማግኘቱ በፊት አራዳ ይባል ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ይቆም የነበረው ትልቅ ገበያ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችን በመሳቡ፣ በዙሪያው ምድሩ የግንብ ሱቅ፣ ፎቁ ደግሞ የእንጨት ሰገነት ያለው መኖሪያ የሆኑ ቤቶች ተሠሩ። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም የዚያው ዘመን ቅርስ ሲሆን፣ ጥር 2007 ዓ.ም ከባድ የእሳት ቃጠሎ ደርሶበታል።

ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ከተማዋን ከያዘ በኋላ ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ፣ ማለትም ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ። አራዳም ለአውሮፓውያን ተለይቶ ፒያሳ ተባለ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም ቢባረርም ስሙ ቀረ፤ ወርቅ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ኬክ ቤቱና ሲኒማ ቤቱም ጎዳናውን ሞሉት።

ለቤቶቹ ዕጣ ወሳኙ ግን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዋጁ መሠረት የተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ከሆነ በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ሆኑ። ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ያልጨመረው ኪራይ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በመሀል ከተማ እንዲኖሩ አስችሏል። በአንጻሩ የሚሰበሰበው ገንዘብ የዛገ ቆርቆሮ እንኳ ለመለወጥ አይበቃም ነበር። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ አልደፈረም። በመሆኑም ቤቶቹን ያረጀው ዕድሜ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ባለቤት ማጣትም ነው።

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሲጀመር የአካባቢው በርካታ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፤ ነዋሪዎችም በምትክ ቤትና ቦታ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ለወርቅ ሠሪና ለልብስ ሰፊ ግን መዛወር ማለት ደንበኛን ከአድራሻው ጋር መተው ጭምር ነው። ደንበኛው የሚያውቀው ሠሪውን ብቻ ሳይሆን ደጁንም ነውና።

በአዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። ሆኖም ሱቆቹ በአብዛኛው በጨረታ የሚሸጡ በመሆናቸው፣ ፎቅ ላይ የሚኖረውና ምድር ላይ የሚነግደው አንድ ሰው መሆኑ ቀርቷል።