አዲሱ አኳሪየም ሲደፈርስ



አኳሪየም ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ ዓሣዎቹ በዚያው ቀን ከገቡበት ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። ውሃው ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምግብ ሲጣልላቸው አይመጡም። የቤቱ ሰው ይደነግጣል። ውሃው ቆሽሿል ተብሎ ይደፋል፣ መስታወቱም አሸዋውም በበረኪና ይፈተጋል፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ ይሞላል። ከዚያ የተረፉትም ዓሣዎች ይሞታሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚታረም ነው። ዓሣውን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለማረም የሚደረገው ጥድፊያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ፣ ከአዳማ እስከ ባቱ፣ ከቡልቡላ እስከ አርሲ ነገሌ፣ የውሃው ጠባይ ራሱ ጥድፊያን አይምርም። ለምን እንደሆነ የላንጋኖን ሐይቅ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል።

ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስ ሲበሰብስም አሞኒያ ይወጣዋል። ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ካልበዛ በስተቀር ዓሣውን እምብዛም አይጎዳም፣ ተክልም ይመገበዋል። ሥራው የባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ያረጋገጠው ሩሲያዊው ሰርጌ ዊኖግራድስኪ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይኖሩም፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። አረባባቸውም ዝግ ያለ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ተራ ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሊሆኑ ሲችሉ፣ እነዚህ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ አኳሪየም እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ቀን ውሃውን የሚያደፈርሱት ፈጣኖቹ ናቸው፤ የተረፈውን ምግብ እየበሉ ይራባሉ፣ ኦክስጅኑንም ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። ምግቡ ሲያልቅባቸው ድፍርሱ በራሱ ይጠራል። የሚያስፈራው ለዓይን የማይታየው አሞኒያ ነው። በረኪና ገና መደላደል የጀመሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጠርጎ ሁሉን ነገር ከዜሮ ያስጀምራል።

አሁን ወደ ላንጋኖ እንሂድ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል። አንዱ አሞኒየም የሚባለው ነው፤ ወደ ዓሣው ሰውነት በቀላሉ አይገባም። ሌላው ጋዝ የሆነው አሞኒያ ሲሆን ስንጥቡን አልፎ ገብቶ የሚገድለው እርሱ ነው። የትኛው እንደሚበዛ በዋናነት የሚወስነው የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካሊነቱ ልክ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ገዳዩ መልክ ከጠቅላላው አሞኒያ 0.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን 5 በመቶ ይደርሳል። በ9 ግን ወደ 36 በመቶ ይወጣል። ያው ዓሣ፣ ያው ምግብ፣ ያው ቆሻሻ፣ መርዙ ግን 60 እጥፍ ማለት ነው። የላንጋኖ ውሃ ፒኤች ደግሞ 9 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። በአካባቢው የሚቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶችም የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ እያጠቡ የሚመጣ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ይሰጣሉ።

አንድ የአዳማ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ታዲያ የላንጋኖን ውሃ በጀሪካን አምጥተን ብንሞላውስ? ዓሣ አይኖርበትም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። በላንጋኖ ቆሮሶም አምባዛም ይኖራሉ። ግን ሐይቁ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቅ ቦታው ወደ 48 ሜትር ይጠጋል። ዓሣው የሚያስወጣው ነገር በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል፤ ነፋሱም ውሃውን እያማታ አየር ያስገባበታል። ከአርሲ ተራሮች እንደ ሁሉቃና ገደምሶ ያሉ ወንዞች ይገቡለታል፣ በሆራ ቀሎ በኩል ደግሞ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ያው ውሃ በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ሲገባ ከዚህ ሁሉ አንዱም አብሮት አይመጣም፤ ፒኤቹ ብቻ ይቀራል። የሐይቁ ውሃ ቡናማነትም አይለቅም። ሶዲየም በበዛበትና ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውስጥ ደቃቁ አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ አይዘቅጥም፤ ጀሪካኑ ለሳምንታት ቢቀመጥም ላንጋኖ ያው ላንጋኖ ነው።

መውጫ ያለውና የሌለው ውሃ ልዩነት በጎረቤቱ በአብያታ ላይ ጎልቶ ይታያል። አብያታ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ፣ ከደምበል (ዝዋይ) ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ ውሃ ይቀበላል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በፀሐይ ይተንናል፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ ሲበዛ፣ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ደግሞ አንድ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ መቅዳት ሲጀምር፣ የሚገባው እያነሰ የሚቀረው እየከረረ ሄደ። ቆሮሶው ከሐይቁ ዋና ክፍል ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። አብያታን ከዳር ቆሞ ያየ ሰው ሐዘኑን ሳይዝ አይመለስም፤ እኔንም እስከዛሬ አልለቀቀኝም።

አኳሪየም ውስጥም የሚሆነው ይህ ነው። ውሃው ሲጎድል እየሞሉ ብቻ መቆየት፣ አሮጌውን ሳይቀንሱ፣ ገንዳውን ቀስ በቀስ አብያታ ያደርገዋል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የሚጨመረው ግን ከነጨዉ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ወጥቶ ጥቂት መግባት አለበት፤ የሆራ ቀሎን ሥራ የሚሠራው የእርስዎ ላስቲክ ቱቦ ነው።

ስሕተቱ ተሠርቶ ዓሣው ገንዳው ውስጥ ካለስ? መጀመሪያ ምግብ ያቁሙ። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ባይበላ አይሞትም፣ ያልተበላ ምግብ ግን አሞኒያ ይሆናል። ከዚያ ከውሃው ሩቡን፣ ቢበዛ ሲሶውን ይቀይሩ፤ በማግስቱ እንደገና። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አደገኛ የሚሆንበት ስውር ምክንያት አለ። ቆሻሻ የበዛበት የቆየ ገንዳ ፒኤቹ ዝቅ ሊል ይችላል፤ አሞኒያውም በአብዛኛው ጉዳት በሌለው መልኩ ይቀመጣል። እዚያ ላይ አልካሊ የሆነ የጉድጓድ ውሃ በብዛት ሲደፋበት ያ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ገዳዩ መልክ ይዞራል። «ንጹሕ ውሃ ጨምሬለት ሞተብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎት ነገሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እስኪወጣ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጥ፤ የአየር ፓምፕ ቢገባበት ይፈጥናል። ማፍላት አይጠቅምም። ካልሲየም ባነሰበት፣ ባይካርቦኔት በበዛበት ውሃ ላይ ማፍላት ፒኤቹን ጭራሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ፍሎራይዱንም አያወጣም፤ ውሃው ሲተን ያከርረዋል እንጂ። አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምሮ ፒኤቹን ለማውረድ መሞከርም እንዲሁ ነው፦ ባይካርቦኔቱ በሰዓታት ውስጥ ወደነበረበት ይመልሰዋል፣ ዓሣው ደግሞ በመውጣትና በመውረዱ ይጎዳል። የውሃውን ጠባይ በእውነት የሚቀይረው ለስላሳ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መቀላቀል ነው። በክረምት በፕላስቲክ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ግን አይሁን፣ ዚንኩ ዓሣ ይጎዳል።

አየር ሌላው ነገር ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,585 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ25 ዲግሪ በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ውሃ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ ወደ 6.8 ነው። በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ቁጥር ስለዚህ ቀነስ አድርገው ይያዙት። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። ስፖንጁን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ይጣሉት፣ በየጊዜው ከውሃው በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ ያፍስሱበት። መብራቱ ብዙ ቆይቶ ከመጣ ማጣሪያውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሳያለቀልቁ አያስነሡት፤ ውስጡ የሞተው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓሣው ላይ ይፈስሳል።

ባክቴሪያ ለማፋጠን ከሁሉ የሚሻለው ጤነኛ አሮጌ አኳሪየም ካለው ሰው የማጣሪያ ስፖንጅ ቁራሽ መለመን ነው። ቤት ለመሥራትና ለመንገድ የሚገለበጠው ቀይ አሽም ድንቅ የማጣሪያ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ቦታ አያጣም። አቧራው እስኪያልቅ ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው። አሸዋና ሌላ ድንጋይ ከማስገባትዎ በፊት አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ ከፈላ ኖራ አለበት፣ ፒኤች ይጨምራል። አሞኒያው ወርዶ ናይትራይት የሚወጣበት ሳምንት ሲመጣ ደግሞ በ10 ሊትር 1 ግራም ያህል አዮዲን የሌለው ጨው ዓሣውን ይረዳዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይሻማዋል።

የባሕር ውሃ አኳሪየም፣ በተለይ ኮራል የሚኖርበት፣ በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ግን አለው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 400 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዥየም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ስለዚህ ለወጥ የሚገዛው የአፍዴራ ጨው አይተካውም፤ ውሃውን ጨዋማ ያደርገዋል እንጂ ኮራሉ የሚፈልጋቸውን አይዝም። ላንጋኖ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው፦ ካርቦኔቱ ሞልቷል፣ ካልሲየሙ ግን ከሞላ ጎደል የለም፣ ምክንያቱም ሁለቱ በብዛት ሲገናኙ ኖራ ሆነው ይዘቅጣሉ።

ወጥመዱም ይኸው ነው። ጀማሪው ጨዉን ባልዲ ውስጥ ከምሮ ውሃውን በላዩ ያፈስሳል፤ ወይም ኮራሉ እንዲያድግ ብሎ ካልሲየምና ሶዳ አንድ ላይ ይጨምራል። ውሃው በቅጽበት ነጭ ይሆናል። ያ ነጭ ነገር ኖራ ነው፤ ተመልሶ አይሟሟም። ገና በባልዲ ውስጥ ከሆነ ይደፋና በትክክል ይዘጋጅ፦ ውሃው ይቀድማል፣ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ጨው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፣ ጠርቶ ያድራል። ገንዳው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምንም ተጨማሪ አይጨምሩ። ይስከን፣ የዘቀጠው በቱቦ ይሳብ፣ የፓምፑ ሞተር ላይ የተለጠፈው ይጽዳ፣ ከውሃው ሩብ ያህል ይቀየር፤ ከዚያ ካልሲየሙና አልካሊነቱ ተለክተው የጎደለው በቀናት ውስጥ፣ በየተራ ይሞላ። የተነነውን ሁልጊዜ በጨው አልባ ውሃ ይተኩ፤ በስምጥ ሸለቆ ደረቅ ነፋስ ይህን የረሳ ሰው ገንዳው ከሳምንት ሳምንት ይከርርበታል።  

አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ ሆነው አንድ ሳምንት ከቆዩ አዲስ ዓሣ ማስገባት ይቻላል፤ አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ ደግሞ መጠበቅ። ትዕግሥት አልቆብዎት አኳሪየሙን ለመተው ከወሰኑ ዓሣውንም ተክሉንም ለሌላ አርቢ ይስጡ፤ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ደምበል ወይም ወደ አዋሽ አይልቀቁት። የቆቃን ሐይቅ ያስጨነቀው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው ለአበባው ውበት ሲባል ነው። የባሕር ውሃ ካልሆነ ገንዳ የሚወጣው ውሃ ናይትሬት ስላለው ለጓሮ ጎመን ይጠቅማል። የባሕር ውሃው ግን ተክል ሥር አይደፋ፤ ወደ ቤቱ ፍሳሽ ማስወገጃ ይሂድ።