በፖከር ጠንካራ ካርታ የያዘ ተጫዋች ለምን ዝም ይላል?

እ.አ.አ በ1988 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው የዓለም የፖከር ሻምፒዮና መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ተፋጠጡ፤ የቀደመው ዓመት አሸናፊ ጆኒ ቻን እና ኤሪክ ሳይደል። ለአሸናፊው የተዘጋጀው ሽልማት 700 ሺህ ዶላር ነበር።

ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል፤ ሁሉም የሚጋሯቸው አምስት ካርታዎች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በየተራ ይገለጣሉ። በየመሃሉ ተጫዋቹ ገንዘብ ያስይዛል፣ ሳያስይዝ ያልፋል፣ ተቀናቃኙ ያስያዘውን ያህል ይከፍላል ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል።

ቻን ጃክ እና 9 ደረሰው። በመጀመሪያ የተገለጡት ሦስት ካርታዎች ኩዊን፣ 10 እና 8 ሲሆኑ፣ ከ8 እስከ ኩዊን የተያያዙ አምስት ካርታዎች ኖሩት። በዚያች ቅጽበት ከዚህ የሚበልጥ ካርታ ማንም ሊይዝ አይችልም። ሳይደል በበኩሉ ኩዊን እና 7 ይዞ ስለነበር ጥንድ ኩዊን አገኘ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ በቀሩበት ጨዋታ ይህም ደፋር የሚያደርግ ነው።

ጀማሪ ተጫዋች እንዲህ ያለ ካርታ ሲደርሰው ውርርዱን ወዲያው ከፍ ማድረግ ያምረዋል። ችግሩ በተደጋጋሚ የሚያስይዝ ተቀናቃኝ ብዙ ጊዜ ደካማ ካርታ ይዞ የሚያስፈራራ መሆኑ ነው። ለምሳሌ 50 ሺህ አስይዞ ሳለ ቢጨመርበት ካርታውን ጥሎ ይወጣል፤ ትርፉም እዚያው ላይ ይቆማል። ያስያዘው ብቻ ቢከፈለው ግን በቀጣዩ ካርታ ላይ 100 ሺህ ሊጨምር ይችላል። ቻን የመረጠው ይህንን መንገድ ነበር። የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ ሳያስይዝ አለፈ፤ ሳይደልም ዝምታውን እንደ ድክመት ቆጥሮ የመጫወቻ ጠጠሮቹን በሙሉ ወደ መሃል ገፋ። ቻን ተቀበለው፣ ውድድሩም አበቃ።

ዝምታ ግን ዋጋ አለው። ተቀናቃኙ ሳይከፍል የሚያየው እያንዳንዱ ካርታ መዳኛው ሊሆን ይችላል። በዚያ ምሽት የሦስቱ ካርታዎች ምልክት የተለያየ ስለነበር አደጋው አነስተኛ ነበር፤ አራተኛው ካርታ 2 ከሆነ በኋላማ ሳይደልን የሚያድን አንድም ካርታ አልቀረም፣ ቻን ይህንን ማየት ባይችልም። ሁለቱ ካርታዎች ተመሳሳይ ምልክት ቢኖራቸው ኖሮ አስቀድሞ ማስከፈሉ ይሻል ነበር።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ። ኃይለኛ ተጫዋች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ያስፈራራል፣ ሲጨመርበት ግን ይሸሻል፤ ሌላው ደግሞ ከያዘው ካርታ ንቅንቅ አይልም፣ የተጨመረበትንም ይከፍላል። ለሁለተኛው ወጥመድ መዘርጋት ጊዜ ማባከን ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ትርፍ የሚያድገው ወዲያው በመጨመር ነው።

የዚያ ምሽት ምስል እ.አ.አ በ1998 በወጣው ራውንደርስ በተሰኘው ፊልም ውስጥ ስለገባ የሳይደል ሽንፈት ለዓመታት ሲታይ ኖሯል። ሆኖም ዛሬ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 10 የዓለም ሻምፒዮና አምባሮች አሏቸው።