ጠመኔና ጠመንጃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን ሳያይ አያልፍም። በዚያች ከተማም ሆነ በደብረ ታቦር ደጋ፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፥ በጕልማስነቱ ፊደል ያስቈጠረ፥ አገር በተቸገረ ጊዜ ደግሞ ጠመኔውን አስቀምጦ ጠመንጃ ያነሣ፥ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከደጁ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ያለበት ቤት ይገኛል። እንዲህ ያለው አባት ባረፈ ጊዜ ተዝካሩ ይወጣል፥ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ነገር ግን የት እንዳስተማረና የት እንደ ዘመተ አስተካክሎ የሚናገር ሰው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ይታጣል። ስለዚህ ያየውን በገዛ እጁ ጽፎ ያለፈ አንድ መምህርና አርበኛ በዚህ ገጽ ልናስታውስ ወደድን።

ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ወርደን፥ ዓባይን ተሻግረን ጎጃም ብንገባ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን አገር እናገኛለን። እርሳቸው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩና ልጅነታቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሳለፉ፤ ደብረ ኤልያስ፥ ደብረ ወርቅና ዲማ ድረስ እየሄዱ ተማሩ። ከዚያም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው በደብረ ማርቆስ አስተማሩ።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ መምህሩ ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ግንባሩ ከተፈታም በኋላ ልዑልነታቸውን ተከትለው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረዱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ እርሳቸውም ተማረኩ። ወደ ጣልያን አገር ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ።

ከግዞት ከተመለሱ በኋላ አገራቸውን በአምባሳደርነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ግን ሌላው መጽሐፋቸው ነው። በዚያ ጦርነት ያዩትንና የደረሰባቸውን የተረኩበት «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከተማረኩበት ጊዜ አንሥቶ እስከዚያ 56 ዓመት ዐልፏል፤ እርሳቸውም ሰማንያን ተሻግረው ነበር። እጃቸው ቢሰንፍ ኖሮ፥ አብረዋቸው ተሰልፈው የወደቁት ሰዎች ነገር በኅዳር 1996 ዓ.ም. ከእርሳቸው ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር።

ሁሉ ሰው ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ የሁሉም አባት ታሪክ ግን ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ሽማግሌው ገና በሕይወት ሳለ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከእግሩ ሥር ይቀመጥ። «አባባ፥ መጀመሪያ ያስተማሩት በየት ነው? ሲዘምቱ ከማን ጋር ነበሩ? ከጓደኞችዎ ሳይመለስ የቀረው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በአንድ ምሽት አንድ ገጽ ቢጻፍ ይበቃል። መልሱ ከእንባ ጋር የመጣ እንደ ሆነም አይቸኩል፤ ዝም ብሎ ይጠብቅ። የሞቱትም ስማቸው በትክክል ይጻፍ፤ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም የሚጠይቁ ይሆናልና።

ስንቱን ልጅ ጽሕፈት ያስተማረ ሰው የራሱ ታሪክ ሳይጻፍለት ቢቀር፥ ዕዳው የእርሱ ሳይሆን የእኛ የተማሪዎቹ ነው።