የዮጋ አቋሞችና የሰባቱ መንኰራኩሮች ትምህርት

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የአስረጂ ድርሰት ምሳሌ ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ፤ በምታነቡበትም ጊዜ በዓይን የሚታየው፣ በእምነት የተያዘውና በምርመራ የተረጋገጠው እንዴት እንደ ተለያዩ አስተውሉ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ከሚል በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

አንድ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የሌላ እግሩን ውስጥ በጭኑ ላይ አሳርፎና ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ብታዩት፣ ሚዛን የሚለማመድ ስፖርተኛ ይመስላችሁ ይሆናል። በሕንድ አገር ግን ይህ አቋም የራሱ ስም አለው። «ቭሪክሻሳና» ይባላል፤ ትርጓሜውም የዛፍ አቋም ማለት ነው። ዛሬ ዮጋን ከሚያስተምሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህ አቋም በአከርካሪ ሥር የሚገኘውን «ቻክራ» ያነቃቃል ይላሉ። ለመሆኑ ዮጋ ምንድን ነው? ቻክራስ ምንድን ነው? ሁለቱስ የተገናኙት እንዴት ነው?

አስቀድመን ቃላቱን እንመልከት። ሦስቱም የሳንስክሪት ቃላት ናቸው። ግእዝ ለእኛ አገር ሊቃውንት እንደ ሆነው ሁሉ፣ ሳንስክሪትም ለሕንድ ሊቃውንት የጥንት የትምህርትና የሃይማኖት ቋንቋ ነው። «ዮጋ» የሚለው ቃል ሥሩ «ዩጅ» ሲሆን፣ ፍቺው መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ገበሬ በሬዎቹን በቀንበር እንደሚጠምድ፣ ዮጋን የሚከተል ሰውም ወዲያና ወዲህ የሚባክነውን ሐሳቡን ይጠምዳል። «አሳና» ማለት አቀማመጥ ነው፤ በኋላ ግን ቆመውም ሆነ ተኝተው ለሚሠሩት አቋሞች ሁሉ መጠሪያ ሆነ። «ቻክራ» ማለት ደግሞ መንኰራኩር ነው።

የዮጋ ትምህርት መሠረት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ፓታንጃሊ በተባለ ሊቅ ስም የሚጠራው «ዮጋ ሱትራ» ነው። መጽሐፉ ወደ 195 የሚሆኑ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት፣ ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። እነርሱም ስለ ዛፍ ወይም ስለ ግመል አቋም አያነሡም። የሚያሳስባቸው ነገር የተቀመጠው ሰው ሳይናወጥና ሳይጨነቅ ለብዙ ጊዜ መቆየት መቻሉ ነው፤ ጀርባው የሚያመው ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ አይችልምና።

ከጊዜ በኋላ የአቋሞቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ የጻፈው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» 15 አቋሞችን ይገልጻል። ወደ 1700 ገደማ የተጻፈው «ጌራንዳ ሳምሂታ» ደግሞ 32 አቋሞችን ይዘረዝራል። ዛሬ ቆመው ከሚሠሩት አቋሞች ብዙዎቹ በሥርዓት የተቀናበሩት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ክሪሽናማቻርያ የተባለ መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የሆነው አየንጋርም በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ 200 ያህል አቋሞችን በፎቶግራፍ አስደግፎ ለዓለም አስተዋወቀ።

የቻክራዎች ትምህርት የመጣው ከሌላ ምንጭ ነው። ይኸውም ታንትራ ከሚባለው የሃይማኖት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ከታወቁት ጽሑፎች አንዱን በ1577 የጻፈው ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሰው ነበር። እንደ ጽሑፉ አገላለጽ፣ በአከርካሪ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ስድስት ቻክራዎች ተደርድረዋል፤ ሰባተኛውም ከእነርሱ በላይ ነው። እያንዳንዱ በውሃ ላይ በሚያብበው የሎተስ አበባ ይመሰላል፤ የአበባው ቅጠሎችም ቁጥር የተወሰነ ነው።

የመጀመሪያው «ሙላድሃራ» (የሥር ድጋፍ) በአከርካሪ ሥር ሲሆን 4 ቅጠሎች አሉት። ሁለተኛው «ስቫዲሽታና» (የራስ ማደሪያ) ከእምብርት በታች ሲሆን 6 ቅጠሎች አሉት። ሦስተኛው «ማኒፑራ» (የዕንቍ ከተማ) በእምብርት አካባቢ ሲሆን 10፣ አራተኛው «አናሃታ» (ያልተመታ) በልብ አጠገብ ሲሆን 12 ቅጠሎች አሉት። ያልተመታ መባሉ ማንም ሳይመታው የሚሰማ የውስጥ ድምፅ አለ ከሚል እምነት የተነሣ ነው። አምስተኛው «ቪሹዳ» (የጠራ) በጉሮሮ ሲሆን 16፣ ስድስተኛው «አጅና» (ትእዛዝ) በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ሲሆን 2 ቅጠሎች አሉት። ሰባተኛው «ሳሃስራራ» በመኻል አናት የሚገኝ ባለ 1000 ቅጠል አበባ ነው።

የስድስቱን ቻክራዎች ቅጠሎች ብትደምሩ 50 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር በዚህ ትምህርት ከሚቈጠሩት የሳንስክሪት ፊደላት ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይም አንድ ፊደል ተጽፎበታል። በጉሮሮ ባለው አበባ ላይ የተጻፉት 16ቱ አናባቢዎች ናቸው። እንግዲህ ለጽሑፉ ደራሲ የሰው አካል ፊደል የተሣለበት ገበታ ነበር ማለት ይቻላል። ዮጊው ዓይኑን ጨፍኖ እነዚህን አበቦች ከነፊደላቸው አንድ በአንድ በሐሳቡ ይሥላል። በአከርካሪ ሥር እንደ እባብ ተጠቅልላ ተኝታለች የምትባለው «ኩንዳሊኒ» የተባለች ኀይልም ነቅታ እስከ አናት ትወጣለች ተብሎ ይታመናል።

ይህ ትምህርት ወደ ምዕራቡ ዓለም በስፋት የገባው ዘግይቶ ነው። በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ውድሮፍ የፑርናናንዳን ጽሑፍ ተርጕሞ፣ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም በ1919 አሳተመው። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ነገሮች ተጨመሩበት። ለምሳሌ ዛሬ የሚታዩት ሥዕሎች ቻክራዎቹን በቀስተ ደመና ተራ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ይቀባሉ። በ1577ቱ ጽሑፍ ግን የእምብርቱ አበባ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል፤ በዛሬው ሥዕል ቢጫ ነው።

አቋሞቹን ከቻክራዎቹ ጋር አንድ ለአንድ የሚያዛምደው ሰንጠረዥም እንዲሁ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። የዝምድናው መነሻ አቋሙ የሚነካው የአካል ክፍል ነው። የዛፍ አቋም እግርን በመሬት ላይ ስለሚያጸና ለሙላድሃራ ይሰጣል። የሁለት እግሮችን ውስጥ አጋጥሞ እንደ ሕንድ ጫማ ሰፊዎች መቀመጥ ዳሌን ስለሚከፍት ለስቫዲሽታና ነው። በሆድ ተኝቶ ቁርጭምጭሚትን በመያዝ እንደ ደጋን መለጠጥ ሆድን ስለሚጫን ለማኒፑራ፣ ተንበርክኮ ወደ ኋላ በመለመጥ ተረከዝን የሚያስይዘው የግመል አቋም ደረትን ስለሚገልጥ ለአናሃታ ይሆናል። በትከሻ መቆም አገጭን ከጉሮሮ ጋር ስለሚያጋጥም ለቪሹዳ፣ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ለአጅና፣ በራስ መቆም ለሳሃስራራ ይመደባሉ። ይሁን እንጂ ሰንጠረዦቹ ሁልጊዜ አይስማሙም። የእባብ አቋም በአንዱ መጽሐፍ ለስቫዲሽታና፣ በሌላው ለአናሃታ ተሰጥቶ ይገኛል።

ታዲያ ቻክራ በእርግጥ በአካል ውስጥ አለን? ይህን ጥያቄ በቢላዋ ለመመለስ የሞከረ ሰው ነበር። በ1855 ገደማ ዳያናንዳ ሳራስቫቲ የተባለ ወጣት መነኵሴ ስለ ቻክራዎች የሚያትቱ መጻሕፍት ይዞ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ይጓዝ ነበር። የመጻሕፍቱ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ዘወትር ይከነክነው ነበር። አንድ ቀን ሬሳ በወንዙ ላይ ሲንሳፈፍ አየ። ወደ ውሃው ገብቶ ወደ ዳር አወጣው፤ በቢላዋም ሰንጥቆ ያየውን ከመጽሐፉ ቃል ጋር አስተያየ። ሎተስም መንኰራኩርም አላገኘም። ወዲያውኑ መጻሕፍቱን ቀዳዶ ከሬሳው ጋር ወደ ወንዙ ጣላቸው። ይህን ታሪክ የተረከው ራሱ ዳያናንዳ ነው። የፓታንጃሊን ዮጋ ግን ከዚያ በኋላም አልተወም።

የዳያናንዳ ድፍረት የሚደነቅ ነው፤ የአካል ክፍል ነው የተባለውን ነገር በአካል ውስጥ ፈልጎታልና። ዛሬም የአካል ጥናት ሊቃውንት ቻክራ የሚባል ብልት አያውቁም። በሌላ በኩል ግን ጽሑፉ ዮጊውን በሐሳብህ ሣል ይለዋል፤ በሐሳብ የተሣለ ሥዕል በቢላዋ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው የእምነትን ሥዕል እንደ ልብና እንደ ጉበት ያለ ብልት አድርጎ ማስተማር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብልት አይደለምና ትርጉም የለውም ብሎ የአንድን ሕዝብ የረጅም ዘመን አስተሳሰብ መናቅ ነው።

አቋሞቹ በአካል ላይ የሚያደርሱት ነገር ግን ሊመረመር ይችላል፤ ተመርምሯልም። ቀስ ብሎና አርዝሞ መተንፈስ የልብን ምት ያረጋጋል። አዘውትሮ መለማመድ የመገጣጠሚያን ልልነትና የሚዛንን አጠባበቅ ያሻሽላል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውንም ሰዎች በመጠኑ እንደሚረዳ ታውቋል። ጉዳትም አለው። በራስ መቆም አንገትን ያስጨንቃል፤ የዓይንንም የውስጥ ግፊት በእጥፍ ያህል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ሊሞክረው አይገባም። ጤነኛም ቢሆን ያለ አስተማሪ አይጀምረው። «አናትን ይከፍታል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚገለበጥ ወጣት፣ ለአንገቱ አጥንት የሚከራከርለት ሰንጠረዥ እንደሌለ ይወቅ።

በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ ኮሚቴ በአዲስ አበባ ባደረገው ስብሰባ ዮጋን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያው ስብሰባ የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል። ቅርስ ግን በመመዝገብ ብቻ አይጠበቅም። ስለ ቅርሱ የሚናገር ሁሉ «ነው» የሚባለውንና «ነው ይባላል» የሚባለውን ሳይቀላቅል ሲናገር፣ ያን ጊዜ ቅርሱም ይከበራል፤ ሰሚውም አይሳሳትም።

መልመጃ አንድ፦ የመረዳት ጥያቄዎች
1. «ዮጋ» የሚለው ቃል ከቀንበር ጋር ምን ግንኙነት አለው?
2. የስድስቱ ቻክራዎች የአበባ ቅጠሎች ድምር ስለ ምን 50 ሆነ?
3. በትከሻ መቆም ለቪሹዳ የተመደበበት ምክንያት ምንድን ነው?
4. ዳያናንዳ መጻሕፍቱን ወደ ወንዝ የጣለው ለምንድን ነው? ትክክል አድርጓል ትላላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

መልመጃ ሁለት፦ የቃላት ጥናት
የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጻፉ፤ ከዚያም በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ሀ. የሚባክነው ለ. አስተያየ ሐ. ይከነክነው መ. ዝምድና

መልመጃ ሦስት፦ ሰዋስው
ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
ሀ. በራስ መቆም የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል።
ለ. በራስ መቆም የአናትን ቻክራ ይከፍታል ይባላል።
በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ይባላል» የተባለው ግሥ ቢወጣ ትርጉሙ እንዴት ይለወጣል? ከምንባቡ ውስጥ ተመሳሳይ አገባብ ያላቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።

መልመጃ አራት፦ ድርሰት
በአካባቢያችሁ ከሚታወቁት የባህል ሕክምናዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ዋግምትን፣ መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ አሠራሩን፣ በሁለተኛው ሰዎች ስለ ጥቅሙ የሚሉትን፣ በሦስተኛው በምርመራ የታወቀውን ግለጹ።